ተራራው የሞላ ቀን

ቤት የሚያክል በረዶ ከተራራ ተንዶ ሲወርድ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እሱንና ቤተሰቡን ጠራርጎ ይወስድ እንደነበር እያወቀ፣ እንዴት ደስ ይለዋል? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁትና እንደጣልኩት አላውቅም። መልስ የመሰለኝን ሁሉ ሞክሬዋለሁ። ከመትረፍ የመጣ ደስታ ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም፤ ደስታው የመጣው መትረፋችንን ከማሰቤ በፊት ነው። ሰው ሲደነግጥ ይስቃል ብዬም ነበር፤ እሱም አይደለም። ድንጋጤን አውቀዋለሁ፣ ጉልበት ያስከዳል። ያን ቀን ግን ጉልበቴ እንደዚያ ጸንቶልኝ አያውቅም።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከእህቴና ከባሏ ጋር አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሾርላይን እኖር ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። ኮሌጁ አንድ የሳይንስ ኮርስ ግዴታ ነው ሲለኝ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የማይጋጨው ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ የሚያስተምረው ብቻ ሆነ። የምሠራውም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ሰዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት በጋሪ እየገፋሁ ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ። ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራ ነበር፤ ፈጣን ግን አልነበርኩም፤ ምክንያቱም ሳልገልጠው የምመልሰው መጽሐፍ አልነበረም።

አንድ ቀን ስለ በረዶ ናዳ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ እጄ ገባ። ቆሜ ጀመርኩት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። በረዶ ማለት ለእኔ እስከዚያ ቀን ነጭ ነገር ነበር፤ ከሰማይ ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ አለቀ። መጽሐፉ ግን ንብርብር ነው አለኝ። ጥርት ያለና ብርዱ የጠና ቀን ሲሆን በላዩ ላይ እንደ ስኳር ፍሬ ያለ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ውርጭ ይበቅላል። ከዚያ ውሽንፍር ይመጣና አዲስ በረዶ ይጭንበታል፣ ነፋስም እየጠቀጠቀ ያጠነክረዋል። ከላይ ለሚያየው የተነጠፈ አልጋ ነው። ከሥሩ ግን ያ ስኳር አለ። አንድ ሰው ይረግጠዋል፣ ስኳሩ ይፈርሳል፣ ተዳፋቱ በሙሉ እንደ ገበታ ይንሸራተታል። ይህን ሳነብ ልቤ ምን ያህል እንደመታ! የሚያምር ነገር ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር ተደብቆ መቆየቱ፣ ደግሞም ለሚያውቅ ሰው ምልክት መስጠቱ።

በዚያ ዘመን የሚደወልበት አንድ የስልክ ቁጥር ነበር። የሚያነሳው ሰው ሳይሆን የተቀዳ ድምፅ ነው። አንድ ሰውዬ በረጋ ድምፅ የተራራውን ወሬ ያነባል፤ ምን ያህል በረዶ እንደጣለ፣ ነፋሱ ከየት ወዴት እንደነፈሰ፣ የናዳው ስጋት በየትኛው ተዳፋት ላይ እንደበረታ። በየማለዳው ከቤት ሳልወጣ እደውል ነበር። እህቴ አንድ ጠዋት ከኋላዬ መጥታ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ማነው ይሄ በየቀኑ የምትደውዪለት ሰውዬ?»

«ስለ በረዶ የሚናገር ነው።»

«ድምፁስ ደግ ሰው ይመስላል። አግብቷል?»

«ካሴት ነው አልኩሽ እኮ!»

«እና ካሴቱን የሞላው ሰው የለም?» ብላ እየሳቀች ሻይዋን ይዛ ሄደች። ባሏም ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ «ፕሮፌሰር፣ ሰውዬሽ ምን አለ?» ማለት ልማዱ ሆነ። ታክሲ ይነዳ ነበር። ሲያፌዝብህ እንደሚወድህ የምታውቅበት ዓይነት ሰው ነው።

በዚያ ዓመት መኸር ላይ አባቱ ከአገር ቤት መጡ። አባባ እንላቸው ነበር፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ነገራቸው ቁርጥ ያለ። በወጣትነታቸው በቅሎ ጭነው ከወንዝ ማዶ ለማዶ እየተሻገሩ የነገዱ ሰው ናቸው። ራት ላይ የሚያወሩልን ስለዚያ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ድልድይ በሌለበት፣ ሰዎች ወንዝ እንዴት እንደሚሻገሩ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጠንካራው ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ደካማው መሃል፣ ማንም የማንንም እጅ ሳይለቅ። ወሬውን ሁልጊዜ የሚዘጉት በአንድ ቃል ነው። «አንድም ሰው ውሃ አልወሰደብኝም» ይላሉ፤ ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ።

ሲያትል ግን አልተመቻቸውም። ዝናብ፣ ሶፋ፣ የማይገባቸው ቴሌቪዥን። ልጃቸው አንድ ተስፋ ሰጣቸው፤ ተራራ ላይ የረጋ ሐይቅ አለ፣ ሰው በእግሩ ይሄድበታል፣ እወስድዎታለሁ አላቸው። አባባ ይህን ለማንም አልነገሩም፤ ግን በየሳምንቱ ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉት ለዚያ ጉዞ እየተዘጋጁ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ብርቱ ብርድ ሰነበተ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውርጩ የሚያንጸባርቅ። እኔ በልቤ፣ አሁን ስኳሩ እየበቀለ ነው፣ እላለሁ። ቀጥሎ ውሽንፍሩ መጣ። እኛ ዘንድ ዝናብ፣ ተራራው ላይ በረዶ። የመኪና መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ አበራ። ስልኬን ደወልኩ። ሰውየው በዚያው በረጋ ድምፁ፣ ስጋቱ ከፍተኛ ነው፣ ይልቁንም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ገላጣ ተዳፋት ላይ፣ አለ። ቁርስ ላይ ይህንኑ ተናገርኩ።

«እኛ መች ስኪ ልንሄድ ነው?» አለ የእህቴ ባል። «ፓርክ አድርገን፣ በረዶ ነክተን፣ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። ኦኬ፣ ፕሮፌሰር?»

«መንገዱ ዳር ከሆነ ምንም አይደለም» አልኩ።

አባባ ከወፍራም ጃኬት ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ወጥተው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

ከከተማው በስተምሥራቅ መንገዱ ሽቅብ እየወጣ ሲሄድ ርጥቡ መሬት ቀረ፣ ዛፎቹ ነጭ ለበሱ። በረዶው የመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ቆሟል።  አባባ መስኮቱን በእጃቸው ደጋግመው ይወለውላሉ። ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ ነበር። ሰዎች ከጫማቸው ሥር የሚታሰር፣ እንደ ሰፌድ የሰፋ የበረዶ መርገጫ እያጠለቁ ወደ ጫካው ይገባሉ። የእህቴ ባል እነሱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ከዚያ መርገጫ ወደሚያከራየው ሱቅ ገባ። እህቴ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች። እኔም አየሁት፤ ነገሩ እየተለወጠ ነው።

ጫካው ውስጥ መሄዱ ደህና ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር በረዶው ይያዛል፣ መጽሐፉም እንደዚያ ይላል። አባባ መጀመሪያ የራሳቸውን መርገጫ በራሳቸው እግር እየረገጡ ተቸገሩ፤ ወዲያው ግን ለመዱት። «ይሄማ ጭቃ ነው!» አሉ። «ነጭ ጭቃ!» ፊታቸው በራ፤ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲሆኑ አላየኋቸውም። ልጃቸው ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ሲበላቸው ሳይ፣ ዛሬ እኚህን ሰው ማን ተመለሱ ሊላቸው ነው? ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ጫካው አለቀ። ከፊታችን ከላይ እስከ ታች ዛፍ የሚባል የሌለበት ገላጣ ሸለቆ መሰል ተዳፋት ተዘረጋ። ማዶው እንደገና ጫካ ነው፤ ሐይቁ ከዚያ ወዲያ። ዳርና ዳሩ ላይ ያሉትን ዛፎች አየኋቸው። በተራራው በኩል ያለው ቅርንጫፋቸው ተገንጥሏል፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ብቻ ቀርቷል። ሥዕሉን መጽሐፉ ውስጥ አይቼዋለሁ! እዚህ ዛፍ የማይበቅለው መሬቱ ከፍቶ አይደለም፤ ናዳው በየጊዜው እያጨደው ነው። ወደ ላይ ቀና ስል ከሸንተረሩ ጫፍ ነፋስ የሠራው የበረዶ ጣሪያ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ፀሐይ ልክ ያን ጣሪያ እየነካችው ነበር።

ከማዶ ሁለት ወጣቶች የበረዶ መንሸራተቻውን፣ ስኪውን፣ አድርገው ወደ እኛ ይመለሱ ነበር። አንደኛው ጫካው ዳር ቆመ፣ ሌላው ብቻውን ተሻገረ፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ተከተለ። አባባ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጓደኛውን ትቶት ሄደ! አያችሁ? እንደዚህ ያለ ባልንጀራ ለጅብ ይሰጥሃል።»

ወጣቶቹ እጃቸውን አንስተው ሰላም ብለውን፣ ሳይቆሙ ቁልቁል አለፉን። ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። ሐይቁ ድረስ ሄደው የመጡ ሰዎች አይመስሉም፤ ቶሎ የተመለሱ ናቸው።

«አየሽ?» አለኝ የእህቴ ባል። «ተሻገሩ እኮ።»

መልስ ልሰጠው አንድ እርምጃ ወደ ገላጣው ተራመድኩ። በዚያ ጊዜ ነው ከሥሬ «ውምፍ» ያለው። ሌላ ቃል የለኝም። ከምድር ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከባድ በር የዘጋ ይመስላል። የቆምኩበት በረዶ በጣት ስፋት ያህል ዝቅ አለ፤ ከእግሬ ጫፍም አንድ ቀጭን ስንጥቅ፣ ምላጭ የሳበችው መስመር የመሰለ፣ ተስፈንጥሮ ወደ ላይ ሮጠ።

እግሬን ሰብስቤ ተመለስኩ። መላ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምንድነው?» አለች እህቴ።

«ናዳ ነው። ገና አልወረደም። ሊወርድ ይችላል።»

አባባ ይህን ሲሰሙ ወዲያው የድሮው ሰው ሆኑ። ትከሻቸው ተነሳ። «እንግዲያው እጅ ለእጅ እንያያዝ» አሉ። «ልጄ፣ አንተ ላይኛው በኩል ሁን። ሴቶቹ መሃል። ማንም ማንንም እንዳይለቅ!» የእህቴን እጅ ያዙ፣ የእኔንም ሊይዙ እጃቸውን ሰደዱ። የእህቴ ባል እንደታዘዘው ላይኛው በኩል ቆመ። ነገሩ ፍጹም ትክክል ነበር፤ ወንዝ ቢሆን።

ለትልቅ ሰው እንቢ ብዬ አላውቅም ነበር። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«አይሆንም፣ አባባ።»

«ምን?»

«ተያይዘን ከገባን አራታችን አንድ ከባድ ሰው ነን። በረዶው የሚፈርሰው በክብደት ነው። ከወሰደ ደግሞ ሁላችንንም ነው የሚወስደው፤ ቆፍሮ የሚያወጣ አይቀርም። ያ ልጅ ጓደኛውን ትቶት አይደለም። ሊያየው ነው የቆመው።»

«ሰው ብቻውን ሲሻገር እኔ ቆሜ ላይ?» አሉ። ስድብ የሰሙ ያህል ነበር።

«እሺ፣ አንድ በአንድ እንሂዳ» አለ የእህቴ ባል።

«አንድ በአንድም አይሆንም። መመለስ ነው።»

 አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «በእኔ ምክንያት ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ» አሉ። «ሽማግሌ ይዞ አይሆንም ከተባለ እኔ እዚህ ልቁም፣ እናንተ ሂዱ።»

«ኧረ አባባ! ማን እንደዚያ አለ?» ልጃቸው በቁጣ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ፣ ያደረግሽውን አየሽ? ይለኛል። እህቴ «አንቺ፣ አሁን ይሄ በመጽሐፍ ያነበብሽው ነገር...» ብላ ጀምራ ተወችው። እኔ ወደ ላይ አየሁ። ፀሐይዋ ጣሪያውን አልፋ ተዳፋቱን መውረድ ጀምራለች። መጽሐፉን ብጠቅስ እንደማያዋጣኝ አወቅሁ። ታዲያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ጥያቄ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ያ የሚነግሩን ወንዝ፣ ሁልጊዜ ነበር የሚሻገሩት? ሲሞላም?»

«ሲሞላማ ማን ይሻገራል? ዳር ላይ እናድራለን እንጂ።»

«መሙላቱን በምን ያውቁ ነበር?»

«ድምፁ ይነግርሻል። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ትሰሚያለሽ፣ ጎም ጎም ይላል። ያን ከሰማሽ ጎበዝም ደካማም የለም፣ እጅ ለእጅም የለም።»

«አሁን የሰማነው እሱ ነው» አልኩ። «ድንጋዩ ከሥር ሲንከባለል ነው። አባባ፣ ተራራው ሞልቷል።»

ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከእግሬ የሮጠችውን ስንጥቅ በዓይናቸው እየተከተሉ እስከ ላይ ወጡ።

«ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«አይ እንግዲህ» አሉ። «ከሞላ ዳር ላይ እናድራለን።» ብለው በኩራት ሊዞሩ ሲሉ ግራ እግራቸው የቀኙን መርገጫ ረግጦ በቂጣቸው በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሲያነሳቸው እሱም ይስቅ ነበር፤ ቁጣው ጠፋ፣ ሐይቁም ተረሳ።

ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ጥቅጥቅ ካለው ጫካ ከገባን በኋላ፣ ገላጣው በዛፎቹ መሃል በሩቁ የሚታይበት ጉብታ ላይ ተቀመጥን። እህቴ ፔርሙዙን ከፈተች፣ ዳቦ ቆረሰች። የእህቴ ባል «ለሰውዬሽ ደውዪና ንገሪው፣ ሚስትህ ያልከውን ሰምታ ሁላችንንም መለሰች በዪው» እያለ ማፌዙን ቀጠለ። ሻዬን እንደያዝኩ ወደ ሸንተረሩ እመለከታለሁ። የተንጠለጠለው ጣሪያ ጫፉ ላይ አንድ ቁራጭ ተገነጠለ። ድምፅ አልነበረውም። ወረደና ተዳፋቱን ነካ።

ከዚያ ተራራው ተሰነጠቀ። ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ታየ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ እንደ ጨርቅ ተሸበሸበ፣ ቀጥሎ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተሰባበረ፣ ወዲያው ደግሞ ጢስ ሆነ፤ ነጭ፣ የሚንከባለል፣ የሚያድግ ጢስ። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን። ያቺ ልንሻገርባት የነበረችው የእግር ዱካ ላይ ሲደርስ ዱካዋ አልነበረችም። ነፋሱ ዛፎቹን አወዛወዘና እስከ እኛ መጣ፤ ፊታችን ላይ እንደ ዱቄት ያለ ቀዝቃዛ በረዶ ረጨብን። ሻዬ ውስጥ ገባ።

እህቴ «ኢየሱስ! ማርያም!» ትላለች። ባሏ አባቱን አቅፎ ይዟቸዋል። እኔ ቆሜ ነበር። እያንዳንዱን ነገር አየሁት፤ መስመሩን፣ ስኳሩ የነበረበትን ንብርብር፣ ሁሉንም። ያነበብኩት ሁሉ በፊቴ ተነስቶ ሄደ። ውስጤ ጮቤ ይረግጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እንደገና ባየሁት ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ታሪኩን ለእንግዳ ሁሉ ትተርከው ጀመር። በእሷ አነጋገር እኔ «ፈርታ ስትንቀጠቀጥ፣ እግዜር አሳያት» የምባል ሰው ሆንኩ። እንግዶቹ ያዝኑልኛል፣ ይመርቁኛል። እኔ ነጠላ ሰረዝ የተሳሳተበትን ዓረፍተ ነገር ሳላርም የማላልፍ ሰው፣ ይህን ስሰማ ዝም እላለሁ። መንቀጥቀጤ እውነት ነው። ፍርሃቱ ግን የእኔ አልነበረም። ምን ልበል? ልትሞቱ ስትሉ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር ልበላቸው? ይህን የሚል ሰው እንደገና ማን ተራራ ይወስደዋል? ማንስ ገበታው ላይ ያስቀምጠዋል? ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ደስታዬን ራሴም ማመን እስኪያቅተኝ ድረስ የእህቴ ትረካ ቦታውን እየያዘው መጣ።

እውነቱን የተናገርኩት በሚቀጥለው ዓመት የበረዶ ወራት፣ በመጀመሪያው ውሽንፍር ማግስት ነው። እህቴና ባሏ ሥራ ሄደዋል። አባባ ኩሽና ውስጥ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማለዳ ማለዳ «ሰውየው ምን አለ? ሞልቷል?» ብለው የሚጠይቁኝ እሳቸው ሆነው ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ዞርኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያን ቀን የተንቀጠቀጥኩት ፈርቼ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ሌላው ሁሉ ተራራውን ሲያይ እኔ አንቺን ነበር የማይሽ። ጥርስሽ በሙሉ ወጥቶ ነበር እኮ!»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ እህቴ ፈርታ ነው ስትል ለምን ዝም አሉ?»

«የራስሽ ነዋ። አንቺ ያላወጣሽውን እኔ ላውጣው?» ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ደግሞ ስሚ። ወንዙ ሲሞላ ዳር ላይ እናድር ነበር አላልኩሽም? መንደሩ ከኋላችን ነበር። ቅርብ ነው። ቤት ነበረን፣ እሳት ነበረን።»

«ታዲያ ለምን ዳር ላይ አደራችሁ?»

«ወንዙ እንደዚያ ሲጮኽ ትቶት ማን ይተኛል?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኩን አምጪልኝ እስቲ» አሉ። እንደገና ደወልኩና ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ከሰውየው እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አትገባቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።